ከጥዱ ወዲህ

ኪቪራና፣ ኖቬምበር 19 ቀን 2016

ለውድ ልጄ ለፒሬት፦

ቤርገን ላይ ዝናቡ አላባራ አለ ብለሽ ጽፈሽልኛል፤ እንግዲህ አብረን ነው የምንበሰብሰው፤ እዚህም ሰማዩ ጣሪያችን ላይ ከተቀመጠ ሰነበተ። ጉንፋኑ ባልሽንና ልጆቹን ለቀቃቸው? ትንሿስ አሁንም ማታ ማታ ታስላለች? ማርና ትኩስ ወተት ስጫት፤ ያንን የፋርማሲ ብልቃጥ ተይው። ስለ ዳሌዬ ለጠየቅሽኝ፣ ዳሌዬ ከእኔ ይሻላል። ሐኪሙ «ሜዳ ሜዳውን ተራመጂ» ባለኝ መሠረት በየቀኑ የረግረጉን መንገድ እሄዳለሁ። ድመቷ ከመወፈሯ የተነሳ ደረጃ መውጣት አቅቷታል። የጎረቤታችን የሳልሜ ጣሪያ ማፍሰስ ጀምሯል፤ ውሃው የሚገባው እሷ ቤት ነው፣ ወሬው ግን ሁላችንም ቤት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ደብዳቤ ከመጨረሻው ገጽ እንደምትጀምሪ አውቃለሁ፤ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብሽም። እባክሽ ይሄን እንኳን ከላይ ጀምረሽ አንብቢው።

«አጎትሽ አክሰል መጥቶ ለአባትሽ መስቀል ከቆረጠልኝ፣ ቤቱን ሸጬ ከገና በፊት እናንተ ጋ እመጣለሁ» ብዬሽ ነበር። ቃሌ ነው፤ አልክድም። አንቺም አምነሽኝ ቲኬቱን ገዛሽ፣ ክፍሉን ቀለም አስቀባሽ፣ ቤቱን የሚገዙ ሰዎች ከታሊን ፈለግሽ። አክሰል ባለፈው ሳምንት መጣ። መስቀሉም ተቆረጠ። እንዴት እንደተቆረጠ ግን ከእኔው ስሚው፤ ሳልሜ ከጻፈችልሽ ጨው ቅመሙን ጨምራ ነው የምታቀርብልሽ።

የአባትሽ አገር ቮሩ ላይ አያትሽ ሲቀበሩ ትዝ ይልሻል? ሬሳውን የጫነው መኪና ጫካው ጫፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። አክሰል ወርዶ አንዱን ጥድ ቅርፊቱን ልጦ መስቀል ቆረጠበት፤ ወንዶቹ ቮድካቸውን ተቀባበሉ፤ ከዚያ ወደ መቃብሩ ጉዞ ቀጠለ። አንቺ «ዛፉ ምን አደረጋቸው?» ብለሽ አባትሽን ጠየቅሽው። እሱ ደግሞ ልጅ ናት እንኳ ሳይል «አያትሽ ማታ ወደ ቤት ልምጣ ሲሉ እዚህ ይደርሱና መስቀሉን ያያሉ፤ ያኔ መሞታቸው ትዝ ይላቸውና ይመለሳሉ» አለሽ። ከዚያ በኋላ ስንት ሌሊት በመሃላችን ተኛሽ። እኔ የባሕር ጠረፍ ሰው ነኝ፤ እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ሰው ሲሞትብን ቀብረን፣ በልተን ጠጥተን፣ ወደየቤታችን ነው። ያን ቀን በሆዴ «ወይ ጉድ፣ ምን ዓይነት ዘመዶች ውስጥ ገባሁ» ብዬ ሳቅኩባቸው።

አባትሽ ካልዮ ግን ሬሳ እንኳን የለውም። ማርች ላይ፣ ባሕሩን በሸፈነው በረዶ ላይ አሳ ሊያጠምድ ወጣ፤ የሚጎትተው ሳጥኑና የበረዶ መሰርሰሪያው ተገኙ፣ እሱ የለም። ፖሊስ ፈለገ፣ ሄሊኮፕተር ዞረ፣ በረዶው ቀለጠ፣ ባሕሩ ዝም አለ። ሬሳ ከሌለ ቀብር የለም፤ ቀብር ከሌለ ማን ቆሞ መስቀል ይቆርጣል? ያን ጠዋት ሲወጣ ተኝቼ ነበር። እንዳይቀሰቅሰኝ ብሎ ጫማውን እንኳ ያደረገው ደጅ ወጥቶ ነው። ቢቀሰቅሰኝና ቢጨቃጨቀኝ ኖሮ እላለሁ፤ ከሁሉም የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

መንገዱን ታውቂዋለሽ። ከቤታችን ጀርባ፣ ኮረኮንቹ ዳር ካለው ከትልቁ ጥድ ይጀምራል፤ ጫካውን አልፎ፣ ውሃ ውስጥ የቆሙት ጥቋቁር ዛፎች ጋ ሲደርስ የሳንቃው መንገድ ይቀበለዋል፤ ሳንቃው ሸምበቆውን ሰንጥቆ ባሕሩ ዳር ያለው የወፍ ማያ ማማ ላይ ያበቃል። ዳገት የለው፣ ቁልቁለት የለው፤ የሕፃን ጋሪ የሚገፉ እናቶችና እንደኔ ምርኩዝ የያዙ አሮጊቶች የሚንሸራሸሩበት ነው። ሳንቃውን ያነጠፈው አባትሽ አይደል። ጡረታ ከወጣም በኋላ «ሳንቃዬ» ነበር የሚለው። አካሄዱን ታስታውሺዋለሽ፦ ጥቂት ይራመድና መጋጠሚያው ጋ ሲደርስ በተረከዙ ኳ ያደርጋል፣ ምስማሩ ይላላ እንደሆነ ለማወቅ። ልማድ ሆኖበት ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ ሳይቀር እንዲያ ሲያደርግ ስንቴ ቆንጥጬዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው ኦገስት ማለቂያ ላይ፣ ጎብኚዎቹ መቀነስ ሲጀምሩ ነው። ከማማው ስመለስ ከኋላዬ እርምጃ ሰማሁ። ሰው መስሎኝ ላሳልፈው ጥግ ይዤ ቆምኩ፤ እርምጃውም ቆመ። ዞር ብዬ አየሁ፤ ሳንቃውና ሸምበቆው ብቻ። ነፋስ አልነበረም፤ አንድ ሸምበቆ እንኳ አይነቃነቅም። መራመድ ስጀምር እሱም ጀመረ። መጋጠሚያውን አልፌ ጥቂት እንደሄድኩ፣ ከኋላዬ ኳ።

ልጄ፣ አልጮህኩም። ምርኩዜን በሁለት እጄ ያዝኩ እንጂ አልጮህኩም። ቤት ገብቼ ግን የጎመን ሾርባ ስሠራ ጨው መጨመሬን ረስቼ ደጋግሜ ጨምሬ ሁሉንም ደፋሁት።

አንቺ ነርስ ነሽና «እማዬ፣ ሐዘን ነው፤ ጆሮ የለመደውን ይሰማል» ትያለሽ። እኔም ለራሴ ያልኩት ይሄንኑ ነው። ግን ሐዘን ከሆነ አልጋ ላይም ወጥ ቤትም በመጣብኝ ነበር። እሱ የሚመጣው በመንገዱ ብቻ ነው፤ ያውም ደረጃ በደረጃ። መጀመሪያ ላይ ጥቋቁሮቹ ዛፎች ጋ ስደርስ ይቀር ነበር። ሴፕቴምበር ላይ ዛፎቹን አለፈ። ኦክቶበር ላይ ሳንቃው ካለቀ በኋላም ጫካ ውስጥ፣ እርጥብ ቅጠል እየረገጠ ተከተለኝ። እንዳልሮጥ ዳሌዬ፣ እንዳልቆም ልቤ እምቢ እያለኝ እሄዳለሁ። እዚያ ጫካ ውስጥ ወፍ አይጮህም፤ የሚሰማው ከቅርንጫፍ የሚወርደው ጠብታና የእሱ እግር ብቻ ነው። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እያለ ወደ ቤት እየቀረበ ነበር።

አንድ ቀን ሳልሜን ይዣት ሄድኩ። ምክንያቱን አልነገርኳትም። ስለ ጣሪያዋ እያወራችልኝ ሸምበቆው መሃል ስንደርስ ክንዴን ይዛ ወደ ዳር ጎተተችኝ።

«ምነው አንቺ፣ ውሃ ልትከቺኝ ነው?» አልኳት።

«ሰውዬውን አሳልፊው እንጂ። ቸኩሏል መሰለኝ፣ መንገዱን እኮ ዘግተንበታል።»

ከዚያ ዞር አለች። ሳንቃው ባዶ ነው፤ እስከ ማማው ድረስ ወለል ብሎ ይታያል። ሳልሜን ከነነፍሷ ዝም ብላ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። እስከ በሯ ድረስ እጄን አልለቀቀችም።

«ሄልዩ፣ ካልዮ ነው አይደል?»

«ይመስለኛል።»

«እንግዲህ እኔን ሁለተኛ እንዳትጠሪኝ። በሕይወት እያለም አይወደኝም ነበር።»

«ኧረ ይወድሽ ነበር፤ ያልወደደው ወሬሽን ነው» አልኳት። አልሳቀችም። በሯን ዘግታ መቀርቀሪያውን ስትወረውር ሰማኋት።

ለአንቺ የደወልኩልሽ የዚያኑ ዕለት ነው። ትስቂብኛለሽ ብዬ ነበር፤ አንቺ ግን አለቀስሽ። «ባሕሩ አባቴን ወስዶብኛል፣ አንቺንም ሊወስድብኝ ነው፤ አክሰልን ጥሪውና መንገዱን ይዝጋው፣ ከዚያ ነይ» አልሽኝ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ያ ልቅሶሽ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ለዚህ ነው ቃል የገባሁልሽ። ከልቤም ነበር፣ እመኚኝ።

አክሰል በአውቶቡስ መጣ፤ አንድ ሙሉ ጥቁር ዳቦ፣ አንድ ጠርሙስ፣ ዛፍ የሚያዳቅልበትን ቢላዋ ይዞ። አርጅቷል። ያ ሁሉ ዘመን ትራክተር ላይ ተቀምጦ ጆሮው ጠፍቷል፤ ካልጮሁበት አይሰማም። በጭስ የደረቀ አሳ አቀረብኩለት፤ አንዱን አሳ እስከ ራሱ ጨርሶ እጁን ከጠረገ በኋላ ነው ወደ ጉዳዩ የገባው።

«ሬሳ ከሌለ ልብሱን ነው የምናወጣው» አለኝ። «ልብሱን ተከትሎ ይወጣል። ማማው ላይ እናስቀምጥለትና ስንመለስ ጥዱ ላይ እቆርጣለሁ።»

«ልብሱን ትቶ እኛን ተከትሎ ቢመለስስ?»

«ይመለስ። ከጥዱ ወዲያ እስካለ ድረስ ግድ የለም። ግን ስሚኝ ሄልዩ። መስቀል አጥር ነው። ሙት፣ መስቀሉ ሲቆረጥ በነበረበት ወገን ይቀራል፤ ወዲያ ከሆነ ወዲያ፣ ወዲህ ከሆነ ወዲህ። አባቴ በልጅነቱ ሰዎች ተቻኩለው የቆረጡበትን ቤት ያውቅ ነበር።»

«እና ምን ሆኑ?»

«ምን ይሆናሉ፣ ሰዎቹ ቤቱን ለቀቁ፤ ሙቱ ቀረ።» ሌላ አሳ ሳበ። «እንግዲህ የእኔን ጆሮ ታውቂዋለሽ። የምሰማው በአንቺ ጆሮ ነው። የት እንዳለ ትነግሪኛለሽ፣ እኔ እቆርጣለሁ።»

«ከተቆረጠ በኋላ ቢፋቅስ?»

«ብትፍቂውም ዛፉ ያውቀዋል። ጥዱ ራሱ ቁስሉን እስኪደፍን አይለቅም፤ እሱ ደግሞ የአንድ ሰው ዕድሜ ነው።»

በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ወጣን። ቡናማውን ካፖርቱን እኔ ያዝኩት። ሬንጅና ትንባሆ ይሸታል፤ ያን ሁሉ ወር ቁም ሳጥን ውስጥ ሆኖ እንኳ አልለቀቀውም። እንደ ሕፃን አቅፌው ነው የሄድኩት፣ ምን ላድርግ። ጉሙ ከባሕሩ ተነስቶ ሸምበቆው ላይ ተኝቷል፤ ከፊት ለፊታችን ያለው ሳንቃ ብቻ ነው የሚታየው። ከላያችን የዱር ዝይዎች እየጮሁ ያልፋሉ፣ አንዳቸውም አይታዩም። አክሰል ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ከእኔም ኋላ፣ ወደ ማማው ስንሄድ ማንም አልነበረም።

ማማው ላይ ወጥተን ካፖርቱን መደገፊያው ላይ አንጠለጠልነው። አክሰል ቆቡን አወለቀ።

«ካልዮ ወንድሜ፣ እዚህ ዕረፍ። እኛን አትጠብቅ» አለና ለባሕሩ ጥቂት ቮድካ አፈሰሰለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺም ተናገሪ።»

«ምን ልበል?»

«ሂድ በይው።»

አፌን ከፈትኩ። ሂድ የሚለው ቃል አልወጣ አለኝ። «ብርድ ነው፣ ካፖርቱን ልበስ» አልኩት። አክሰል ይሄንን ይስማ አይስማ አላውቅም፤ ቆቡን መልሶ አጠለቀ።

ስንመለስ መጣ። ሸምበቆው መሃል ስንደርስ ጀመረ፤ ከዚያ መጋጠሚያው ላይ ኳ፣ እንደገና መጋጠሚያው ላይ ኳ። እንደዚያን ቀን ቀርቦኝ አያውቅም። ማጅራቴ ላይ ቅዝቃዜ ይሰማኛል፤ ጓዳ ከፍተሽ ስትቆሚ እንደሚሰማው። ጥቋቁሮቹን ዛፎች አለፍን፣ ጫካውን አለፍን። ጥዱ ጋ ስንደርስ አክሰል ቢላዋውን አወጣና ቅርፊቱን መላጥ ጀመረ። ነጩ እንጨት ብቅ አለ። እኔ ከአጠገቡ፣ ፊቴን ወደ ጫካው አዙሬ ቆምኩ፣ እንዳዘዘኝ።

እርምጃው ግን አልቆመም። ቅጠሉን እየረገጠ መጣ፣ እስከ እግሬ ድረስ መጣ፣ ቀኝ ትከሻዬን ታክኮ አለፈኝ። የባሕር ውሃና ሬንጅ ሸተተኝ። ከኋላዬ ኮረኮንቹ ተንኮሻኮሸ፤ እየራቀ፣ ወደ ቤታችን። ከዚያ የግቢያችን በር መቀርቀሪያ ቀጭ ሲል ሰማሁ።

አክሰል ቢላዋውን እንጨቱ ላይ ደግኖ ቀና አለ። ዓይን ዓይኔን እያየ ነው የጠየቀኝ።

«የት ነው?»

«ወዲያ ነው» አልኩት፣ ወደ ጫካው እየጠቆምኩ። «ሸምበቆው ጋ ቀርቷል። ቁረጥ።»

ቆረጠ። ጥሩ አድርጎ ነው የቆረጠው፤ እጁ አላረጀም። ጠርሙሱን ሰጠኝ፣ እኔም ጠጣሁ። በማግሥቱ ጠዋት አውቶቡስ ሲጠብቅ ግንባሬን ስሞ «አሁን በሰላም ወደ ልጅሽ ሂጂ» አለኝ። አመሰገንኩት። በእርግጥ ደክሞበታል።

ይኸው ሳምንት ሆነን። ድመቷ መተላለፊያው ውስጥ አትገባም፤ ምግቧን ደጅ ነው የምሰጣት። እኔ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፣ ፒሬት። ከማርች ጀምሮ ለአንድ ሰው ድንች መላጥ ምን እንደሆነ አንቺ አታውቂውም፤ እግዜርም አያሳውቅሽ። ሳህን አቀረብኩለት፤ ጠረጴዛው ጋ አይመጣም። ወንበሩን አስተካከልኩለት፤ አይቀመጥም። የሚቆመው በሩ ጋ ነው። ጠዋት ጠዋት በሩን ስከፍት ቀድሞኝ ይወጣል፣ እርምጃው እስከ ጥዱ ድረስ ይሰማኛል፤ እዚያ ይቆማል፣ በጣም ረጅም ጊዜ ይቆማል፣ ከዚያ ይመለሳል። ትናንት እንደዚያ ሆኖ ሲመለስ በመስኮት እያየሁ፣ ማለቴ እየሰማሁ፣ ድንገት ገባኝ። እኔ ጋ ሊኖር አልነበረም አመጣጡ። ሳይሰናበተኝ ስለሄደ ሊሰናበተኝ ነው ያን ሁሉ መንገድ የመጣው። ተሰናብቶኝ ሊመለስ ነበር።

ስለዚህ ልጄ፣ ቲኬቱን መልሺው። የታሊኖቹንም ሰዎች ቤቱ አይሸጥም በያቸው፤ ሰው ያለበት ቤት እንዴት ይሸጣል? እንደምትናደጂ አውቃለሁ፣ ተናደጂ፤ መብትሽ ነው። ግን ጥዱ ቁስሉን እስኪደፍን ብቻውን ልተወው አልችልም። እኔ ነኝ ያስቀረሁት፣ እኔው እቀመጣለሁ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላ ነው እንዳትይ፤ አይደለም። በጋ ሲሆን ልጆቹን ይዘሽ ነይ ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ አሁን ግን ትንሽ ይቆይ። ልጆቹን በስልክ አሳይኝ።

ለእኔ አትስጊ። እኔ እንደልቤ እወጣለሁ፣ እገባለሁ፤ መስቀሉ ለእኔ አይደለም። ዛሬም እስከ ማማው ሄጄ ነበር። ካፖርቱ ረጥቦ እዚያው ተንጠልጥሏል። ከኋላዬ የሚራመድ የለም፤ መንገዱ ያን ያህል ጭር ያለ መሆኑን አላውቅም ነበር። እንዳይጠብቀኝ ብዬ ቶሎ ተመለስኩ።

እግዜር ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ባልሽን ጤና ይስጥልሽ፣ ደጅሽን ይጠብቅልሽ። ሳልሜ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ሰላም በይልኝ ብላኛለች፤ ግቢ ብላትም አትገባም። ከቤት ሁለታችንም ሰላም ብለንሻል።

እናትሽ ሄልዩ